እስከ ማሳው ዳር፦ ከካት ላብ ወደ ሆሞሻ

ሰዎችን የማውቃቸው በልባቸው እንጂ በፊታቸው አይደለም። ሥራዬ እንዲህ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ካት ላብ በሚባለው ክፍል እሠራለሁ። ሐኪሙ በታካሚው ብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አስገብቶ እስከ ልብ ያደርሳል። እኔ ጨረር ከሚከልለው መስታወት ጀርባ ተቀምጬ በልብ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚያሳዩትን መስመሮች እከታተላለሁ፤ የማየውን ቁጥርም ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ሐኪሙ መልሶ ይደግምልኛል፤ ካልደገመው እንደገና እጠራለሁ። ታካሚው በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኖ ነው የሚተኛው፤ ፊቱ ደግሞ በማሽኑ ይጋረድብኛል።

ሙያውን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። ሆስፒታሉ የቀጠረኝ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ነው። ማሽኖቹ ሲበላሹ እየጠገንኩ፣ መመሪያ መጽሐፋቸውን መዝገበ ቃላት ይዤ እያነበብኩ፣ ሐኪሞቹንም እየጠየቅኩ ቆይቼ አሁን የክፍሉ ዋና ቴክኖሎጂስት ተብያለሁ። ከዚያ ክፍል ለሥራ ወጥቼ ግን አላውቅም ነበር። ይህ ማስታወሻ ስለወጣሁባት አንዲት ሳምንት ነው፤ አሶሳን አይተው ለማያውቁ፣ ምናልባትም ለማያዩ ሰዎች የጻፍኩት።

የጉዞው ምክንያት ሐዋ የምትባል የሆሞሻ ልጅ ናት። ሆሞሻ ከአሶሳ ወደ ሱዳን ድንበር ሲኬድ የምትገኝ የወረዳ ከተማ ናት። ሐዋ የተወለደችው ክልሉ በተመሠረተበት ሰሞን ነው፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ እኩያ ናት ማለት ይቻላል። በልጅነቷ የያዛት የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ቀርቶ፣ ውሎ አድሮ ከልቧ በሮች አንዱን አጥብቦባታል። ደሙ ወደፊት ማለፍ ሲያቅተው ወደ ሳንባዋ ይመለስና ያፍናታል። መፍትሔው በቱቦው ጫፍ ትንሽ ፊኛ አስገብቶ፣ የጠበበው በር መሐል ሲደርስ ነፍቶ መክፈት ነው። ፊኛዎቹን ይዞ የሚመጣ የውጭ ሐኪሞች ቡድን በሚቀጥለው ሳምንት ሊገባ ነበር። ዳግመኛ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ለሐዋ ተራ ተይዞላታል፤ ሁለት ጊዜ ተልኮባትም አልመጣችም።

«ካልመጣች እኛ እንሂድ» አለች በዕድሜ የምንቀራረበው የልብ ሐኪማችን ዶክተር ሰላማዊት። «የአሶሳ ሆስፒታልም ሌሎች ሕሙማን እንድናይለት ጠይቋል። ኢኮው ደግሞ ካንተ ጋር ነው የተላመደው።» ኢኮ የምትለው ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳየውን ተንቀሳቃሽ ማሽን ነው። አሮጌ ነው፤ ባትሪው ያኮርፋል።

የመጀመሪያው ቀን

በሐምሌ ዝናብ ወጣን። ኢኮውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሹፌራችን ጋሽ ተፈራ በመስታወታቸው አዩኝና «አራሷን ደገፍ አድርጋት እንጂ!» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ እስክንመለስ ድረስ ስሙ አራሷ ሆኖ ቀረ።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ለእኔ መንገድ ማለት ወደ ብርድ የሚወጣ ነገር ነው። ይህ ግን ከአምቦ ወዲያ ሲወርድ ወርዶ ባኮ ላይ ሹራቤን አስወለቀኝ። ምሳ ባኮ በላን፤ ከመሸ ነቀምቴ ገባን። ያረፍንበት ሆቴል መብራት አልነበረም። ባለቤቷ ወይዘሮ ጫልቱ ፍሪጃቸውን ብቻ የሚያስነሱባት ትንሽ ጄኔሬተር አለቻቸው። ለማሽኑ ባትሪ እንዴት እንደምጠይቃቸው ሳሰላስል ዶክተሯ ቀድማ ጠየቀችልኝ።

«የምን ማሽን ነው?» አሉ ወይዘሮ ጫልቱ።

«የልብ ነው፣ እትዬ።»

ሌላ ነገር አልጠየቁም። የፍሪጁን ገመድ ነቅለው እጄ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ሥጋው እንዳይበላሽ ብለው በሙሉ አወጡና አስቀቀሉት፤ ለሆቴሉ እንግዳ ሁሉ አዳረሱ። ከአንጮቴ ጋር ነው የቀረበልን። አንጮቴ ድንች የሚመስል የወለጋ ሥራ ሥር ነው፤ ግን ከእኛ አገር ድንች ይልቅ ይጠጥራል፣ ጣዕሙም ይበልጣል። «ያንተ አራስ ለሁላችንም ገንፎ አበላችን» አሉ ጋሽ ተፈራ አጥንት እየጋጡ።

ሁለተኛው ቀን

ከጊምቢ በኋላ ያለው መንገድ ጠጠር ነበር፤ ከመንዲ በኋላ ጠጠሩም አለቀ። አንድ ቁልቁለት ላይ መኪናችን በቀይ ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዷ ተቀረቀረች። ለመግፋት እንድትቀል ሁላችንም መውረድ፣ ዕቃውም መውረድ ነበረበት። ኢኮውን አቅፌ ሁለት እርምጃ ሳልራመድ አንደኛው ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ወደ ኋላም ወደ ፊትም ማለት አቅቶኝ ቆምኩ።

ከገበያ ይመለሱ የነበሩ ሴቶች ዳር ቆመው ይስቁ ነበር። አንዷ ባዶ እግሯን ገባችና ማሽኑን ከእጄ ወስዳ፣ በነጠላዋ ጀርባዋ ላይ አዘለችው፤ ልክ እንደ ልጅ ነው ያዘለችው። «ሱታ፣ ሱታ» እያለች፣ ቀስ በል ማለቷ ነው፣ በእጇ ደግሞ እኔን ጎትታ አወጣችኝ። መኪናችን ሊያግዙን በመጡ የአካባቢው ወጣቶች ጉልበት እስክትወጣ ድረስ ዝናብ እንዳይነካው ከነጥቅሉ ከጀርባዋ አላወረደችውም። የሚያለቅስ ሕፃን አስመስላ እሹሩሩ ስትለው ጓደኞቿ በሳቅ ፈረሱ። ስሟን ጠይቄያት በሳቁ መካከል አልሰማኋትም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባምባሲን አልፈን አሶሳ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አሶሳ ገና የምትሠራ ከተማ ናት። ከአዲሶቹ የቢሮ ሕንፃዎች አጠገብ የቀርከሃ ቤቶች አሉ፤ በየግቢው ማንጎ አለ። እኛ አገር ባሕር ዛፍ ባለበት ቦታ ሁሉ እዚህ ማንጎ ነው። ወቅቱ ሊያበቃ ስለነበር የወደቀው በየመንገዱ ዳር ይሸታል፤ የሚያነሳውም የለም። እንዲህ ያለ ብክነት አይቼ ስለማላውቅ አንዱን አንስቼ ኪሴ ከተትኩ።

ሦስተኛው ቀን

በማለዳ የአሶሳ ሆስፒታል ደረስን። ነርስ ሐሚድ የሚባል የበርታ ተወላጅ ተቀበለን፤ በርትኛም፣ ዓረብኛም፣ አማርኛም ይችላል፤ ለዶክተሯም ያስተረጉምላታል። ሕሙማኑ በረንዳው ላይ ተሰልፈዋል። ሐዋ ከመካከላቸው አልነበረችም።

ኢኮው በጤና ተነሳ። ዶክተሯ ታያለች፣ እኔ ምስሉን አስተካክላለሁ፣ ቁጥሩን እጠራለሁ። ከመካከላቸው አንዲት ጎልማሳ ሴት ገቡ። ሰላም አልኳቸው፤ ሰላም አሉኝ። አልጋው ላይ ተጋደሙ። የመጀመሪያውን ቁጥር ጮክ ብዬ ስጠራ ብድግ ብለው ተቀመጡ።

«ኧረ በአሏህ! አንተ ነህ እንዴ?»

«ምን ሆኑ እናቴ?»

«ድምፅህ! አዲስ አበባ ላይ ያን ቁጥር ስትጮኽብኝ የነበርክ! መጨረሻ ላይ ‹ተመለሰ!› ብለህ ጮኸሃል።»

ዶክተሯ ስማቸውን አየችና ፈገግ አለች። ወይዘሮ ዘምዘም ነበሩ። ባለፈው ዓመት በፊኛ የልባቸውን በር ከፍተንላቸዋል። ፊታቸውን ፈጽሞ አላውቀውም፤ ልባቸውን ግን እንዴት እረሳለሁ? በሥራው መሐል ምቱ ተዛብቶ፣ መስመሩ ወዲያና ወዲህ ተበታትኖ፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ቆይተን ነበር። ተመለሰ ብዬ የጮህኩት ያኔ ነው።

«አወቅኩዎት» አልኳቸው።

«ፊቴን አይተህ ዝም ብለህ፣ አንጀቴን አይተህ ነው የምታውቀኝ?» አሉ። «ይሁን ሆድዬ፤ ከፊቴስ እሱ ሳይሻል አይቀርም።»

ወይዘሮ ዘምዘም በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ባምባሲ አካባቢ የሰፈሩ ገበሬ ናቸው። የሰፈራ መንደሮቹ እዚያ በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የሚጠሩት። እሳቸው ሲስቁ የወሎ አነጋገራቸው ትናንት የመጡ ያስመስላቸዋል።

ሐሚድን ስለ ሐዋ ጠየቅነው። «አባቷ አቶ አደም እምቢ ብሏል» አለን። «ታላቅ ወንድሟ በሌላ ሕመም አዲስ አበባ ሄዶ፣ ሬሳው ነው የመጣው። ሁለተኛ ልጅ በዚያ መንገድ አልሰድም ይላል። እኔ ብነግረው ብነግረው አይሰማም። ‹ሄዶ የመጣ ሰው በዓይኔ አሳየኝ› ነው የሚለው።»

ወይዘሮ ዘምዘም ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔስ ሰው አይደለሁም? ነገ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

አራተኛው ቀን

ወደ ሆሞሻ ስንሄድ መንገዱ በቀርከሃ ጫካ መሐል ያልፋል። አቶ አደምን ቤታቸው አላገኘናቸውም። ያን ቀን ጎረቤት ሁሉ የእሳቸውን ማሽላ ሊኮተኩትላቸው ወጥቷል። እኛ አገር ደቦ የምንለው ነው። ሐዋ ማሳው ዳር ከማንጎ ዛፍ ሥር ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ለሠራተኞቹ የሚጠጣውን በቅል ትቀዳለች፤ ይዛ መዞር ግን ስለማትችል ልጆች እየመጡ ይወስዱላታል። ከንፈሯ ሰማያዊ ዓይነት ነው። ሳያት በስክሪን ላይ ሊኖራት የሚችለውን መስመር በሐሳቤ ሳልኩት፤ ከዚያ አፈርኩና ፊቷን አየሁ። ጉንጯ ላይ ሦስት የጌጥ መስመሮች አሉ። ዓይኗ የሚጠይቅ ነው።

አቶ አደም ረዥም፣ ጠይም፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ናቸው። አጎንብሰው እየኮተኮቱ ሳለ ቀረብኩና የተዘጋጀሁበትን ንግግር ጀመርኩ።

ቀና ሳይሉ እጃቸውን አነሱ። «ወሬ ይቆያል። መጀመሪያ ዳር ይደርሳል፤ ከዚያ ወሬ።»

ሐሚድ ጎተተኝ። «በእሳቸው ማሳ ላይ ቀልድ ይቻላል፤ ቁም ነገር ግን ሰልፉ ዳር ሳይደርስ አይነሳም» አለኝ በሹክሹክታ። «አባታቸውም እንዲህ ነበሩ። ግማሽ ማሳ ላይ የተነገረ ነገር ግማሽ ሆኖ ይቀራል ይላሉ።»

አቶ አደም እጀታው አጭር የሆነ መኮትኮቻ ሰጡኝ። በደብረ ብርሃን ደቦ ያደግኩ ነኝ ብዬ በልበ ሙሉነት ተቀበልኩ። የእኛ ግን ቆሞ ነው፤ ይህ ቁጢጥ ብሎ፣ በዚያ ሙቀት፣ የማሽላውን ሥር ሳይነኩ ነው። ጥቂት እንደሄድኩ ላቤ ዓይኔን ጋረደኝ። እያለከለክሁ ተቀመጥኩ።

«የልብ ሐኪም ልብ የለውም!» አለ አንዱ ጎረምሳ፣ ማሳው በሳቅ ተሞላ። «ማሽኑ ይምጣና እሱ ይታያል!»

«ሐኪም አይደለሁም» አልኩ።

«ይሄ ደግሞ ባሰ!»

ሐዋም ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ወደ ሳል ተለወጠና ሁሉም እጁን ገታ። አባቷ ብቻ መኮትኮታቸውን አላቋረጡም፤ ግን ምታቸው ሲፈጥን አየሁ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ዘምዘም ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው ከእጄ መኮትኮቻውን ወሰዱ። «ተነስ ሆድዬ፤ አንተ ቁጥርህን ቁጠር» አሉና ከአቶ አደም ጎን ቁጢጥ አሉ። ሴትዮዋ ማን እንደሆኑ ለአቶ አደም ማንም አልነገራቸውም። አቶ አደም በዓይናቸው ጥግ አንድ ጊዜ አዩዋቸውና ፍጥነታቸውን ጨመሩ። ወይዘሮ ዘምዘምም ጨመሩ። እኔ ከዳር ሆኜ የወይዘሮ ዘምዘምን ትከሻ ብቻ ነበር የማየው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ምን ያህል እንደሚነሳ፣ እንደሚወርድ፣ እንደሚዘገይ። ዶክተሯም እንደኔው ታይ ነበር፤ አንዴ እጄን ጨበጠችኝ። ትከሻቸው አልዘገየም። ሐዋ ከዛፉ ተነስታ፣ ግንዱን ይዛ ቆማ ነበር።

ዳር ደረሱ። አቶ አደም መኮትኮቻቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «አሁን ወሬ» አሉ።

ወይዘሮ ዘምዘም ውኃ ጠጡና ስለ ራሳቸው ነገሩ። ከሦስት ክረምት በፊት ከአልጋ ወደ ደጅ መውጣት ያቅታቸው እንደነበር፣ ልጃቸው በወሳንሳ አሸክሞ ጤና ጣቢያ እንዳደረሳቸው፣ አዲስ አበባ ሲገቡ እንዴት እንደፈሩ። አቶ አደም ረዥም ጊዜ አዩዋቸው።

«አንቺ ነው? ያ ፊኛ አንቺ ውስጥ ገባ?»

«ገባ፤ ወጣም። ይኸው ማሽላህን ኮተኮትኩልህ።»

ወደ ዶክተሯ ዞሩ፤ በእሳቸው አማርኛ ሴቱም ወንዱም አንድ ነው። «ሐዋ የኔ ልጅ ነው። ወንድሙ ሄደ፣ አልመጣም። እሱስ ይመጣል?»

ዶክተሯ አልዋሸችም። «አብዛኞቹ ይድናሉ፤ ግን ልምልልዎት አልችልም፣ አባባ። ካልመጣች ግን በሚቀጥሉት ክረምቶች እንደማትቆይ አውቃለሁ።» ሐሚድ በበርትኛ ደገመው። ማሳው ላይ የነበሩት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ አቶ አደም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ሐኪም አይደለህም። ምን ትሠራለህ እዚያ?»

«ቁጥር እጠራለሁ አባባ። የልቧን።»

«መጥፎ ሲሆንስ?»

«ያኔ ይበልጥ ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ሳልጠራው አይቀርም።»

ሐዋ ግንዱን ለቅቃ፣ በዝግታ፣ ሁለት ጊዜ እየቆመች ወደኛ መጣች። በአማርኛ ነው የተናገረችው፣ ትምህርት እስክታቋርጥ ጎበዝ ተማሪ ነበረች። «አባ፣ እኔ አንድ ቀን እንኳን ዳር ደርሼ አላውቅም። ሁልጊዜ ዛፉ ሥር ነኝ። ልሂድ።»

አቶ አደም አፈር የያዘ እጃቸውን ተመለከቱ። «ኸላስ» አሉ በመጨረሻ፤ በቃ ማለታቸው ነው። «እኔም እሄዳለሁ። ብቻውን አይሄድም።»

ገንፎ በባሚያ ወጥ በላን። ገንፎው ከማሽላ ዱቄት የተሠራ ነው፤ እኛ ቅቤ ከምናደርግበት ሥፍራ እነሱ ባሚያውን ያፈሱበታል፤ ከጣት ላይ አልላቀቅ ብሎ አስቸገረኝ። አቶ አደም ቤት ግድግዳ ላይ ከቅል ተቀጣጥለው የተሠሩ ረጃጅም መለከቶች ተሰቅለዋል። ሐሚድ እንደነገረኝ አንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማው የሚገኘው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ በተራው ሲነፋ ነው፤ አንዱ ከቀረ ይጎድላል። ይህን ሲነግረኝ ካት ላባችን ትዝ አለኝ።

የመመለሻው ቀናት

ሐዋ ጋደም ስትል ስለሚያፍናት የኋላውን ወንበር በትራስ ከፍ አድርገን አስቀመጥናት። ጋሽ ተፈራ አራሷን ወደ ፊት አዛውረው «አሁን ሁለት አራስ ነው ያለን፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አሉ፤ እንዳሉትም አደረጉ። ወይዘሮ ዘምዘም ባምባሲ ላይ ወረዱ። ሐዋን አቅፈው ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ነገሯት፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ነቀምቴ ላይ ወይዘሮ ጫልቱ የራሳቸውን ክፍል ለአባትና ልጅ ለቀቁ፤ ፍሪጃቸውን ይነቅሉ እንደሆነም ጠየቁን።

እንጦጦ ጭጋግ ለብሶ ሲታይ አቶ አደም መስኮቱን ዘጉ። «ሰው እዚህ በረዶ ውስጥ እንዴት ይኖራል?» አሉኝ። ስለ ደብረ ብርሃን ነገርኳቸው። አላመኑኝም።

ካት ላብ

በተራዋ ቀን ሐዋ ከመግባቷ በፊት ከመስታወቱ ጀርባ ወጣሁ። ይህን ከዚያ በፊት አድርጌው አላውቅም። አልጋው ላይ ሆና አየችኝ።

«ስትኮተኩት አይቼሃለሁ» አለች። «ዛሬ ማሽኑ ጋ ብቻ ሁን።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። በስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ ከጠበበው በር ወዲህ ያለው ግፊት፣ ሌላው ከወዲያ ያለው። በሩ ጤነኛ ከሆነ፣ ልብ ደም በምትሞላበት ጊዜ ሁለቱ ይደራረባሉ። የሐዋ ተራርቀው ነበር፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በጣም ሰፊ ነው። ቁጥሩን ጠራሁ፤ ዶክተር ሰላማዊት ደገመችው፤ ከውጭ የመጣው ሐኪምም በራሱ አነጋገር ደገመው። ፊኛው ገባ። ተነፋ። ለአፍታ ግፊቱ ወረደ፤ ወረደ ብዬ ጠራሁ፤ ጮክ ብዬ ነው የጠራሁት። ፊኛው ተሸበሸበ። ከዚያ መስመሮቹ ተቀራረቡ፤ ተቀራርበው ተቀራርበው አንዱ በሌላው ላይ ተኛ። ቁጥሩን ስጠራ ድምፄ ተሰበረና ዶክተሯ «ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት።

አቶ አደም ከመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ የሆስፒታሉን ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። የሰላማዊት እጅ ገና ሥራ ላይ ስለነበር እኔን ነው የላከችኝ። ሮጬ ሄጄ ስለ ግፊቱ፣ ስለ በሩ፣ ስለ መስመሮቹ አንድ ላይ ማስረዳት ጀመርኩ።

ማሳው ላይ እንዳደረጉት እጃቸውን አነሱ።

«ዳር ደርሷል?»

«ደርሷል፣ አባባ።»

ብርድ ልብሱን ከትከሻቸው አውርደው፣ አጥፈው አጠገባቸው አስቀመጡትና አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ።

«እንግዲህ ተቀመጥ» አሉ። «አሁን ወሬ።»